ሐዲድ ለሌለው ባቡር ሮለር መሥራት

ኅዳር፣ ቅዳሜ

ያለኝን ልዘርዝር። ሦስት ያገለገሉ የሞዴል ሎኮሞቲቮች አሉኝ። ወንድሜ ከጀርመን አሮጌ ዕቃ ገበያ እየለቀመ ያመጣልኝ ናቸው። ሁሉም ኤች ኦ በሚባለው ልክ የተሠሩ ናቸው፤ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳሉ፣ የሐዲዳቸው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ ባለ አራት አክስል ናፍጣ ነው። ሁለተኛው ከሰልና ውሃ የሚጭን ተንደር ከኋላው ያለው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሜርክሊን የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ሥራ ነው።

የሌለኝ ሐዲድ ነው። ቢኖረኝስ የት እዘረጋዋለሁ? ከተለመዱት ትንንሽ ክቦች አንዱ ራዲየሱ 36 ሳንቲ ሜትር ነው። ከነጠርዙ 80 በ80 ጠረጴዛ ይበላል። እኔ ያለሁት አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። አልጋው፣ የሥራ ጠረጴዛውና ቁም ሳጥኑ ከገቡ በኋላ ለባቡር የሚተርፍ ቦታ የለም። ባሕር ዳርም እስካሁን ሐዲድ አልደረሳትም፤ በዚህስ እኔና ከተማዋ አንድ ነን።

ስለዚህ ሮለር ልሠራ ነው። ሎኮሞቲቩ በሙሉ ፍጥነት ይሮጣል፣ ካለበት ግን ንቅንቅ አይልም። አሠራሩ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ቸርኬ ሥር ሁለት ትንንሽ ኩሽኔታዎች ይቀመጣሉ። ቸርኬው በሁለቱ መሀል ያርፋል። ቸርኬው ሲዞር ኩሽኔታዎቹም አብረው ይዞራሉ። ኤሌክትሪኩ ከሐዲድ ይገባ እንደነበረው ሁሉ አሁን ከኩሽኔታው ወደ ቸርኬው ይገባል።

ተሠርቶ የሚሸጥ አለ። ከውጭ ማስመጣቱ ግን ጣጣ ነው፤ እኔም መሥራቱን ነው የፈለግኩት።

ማክሰኞ

ኩሽኔታ ፍለጋ። የመኪና መለዋወጫ ቤት ገብቶ የዚህን ያህል ትንሽ መጠየቅ ሰው ማሳቅ ነው። ትልቁ ምንጭ የኮምፒውተር ፋን ሆኖ ተገኘ። ፔዳ አካባቢ ያሉ ጥገና ቤቶች የተበላሸ ፋን በካርቶን ሞልተው ያስቀምጣሉ። «ውሰድልን እንጂ፣ ቦታ ይዞብናል» አለኝ አንዱ ልጅ።

ሁሉም ፋን ኩሽኔታ የለውም። ርካሾቹ ዘንጋቸው የሚዞረው በተራ ቡሽ ውስጥ ነው። ጀርባው ላይ ያለውን ወረቀት ላጥ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ኩሽኔታ ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አለው። ያወጣኋቸውን በካሊብሮ ስለካ የውስጥ ቀዳዳቸው 3፣ የውጭ ዲያሜትራቸው 8፣ ውፍረታቸው 4 ሚሊ ሆነ። ለአንድ አክስል አራት ያስፈልጋል፣ ለናፍጣው ሎኮሞቲቭ አሥራ ስድስት። ስምንት ደህና ፋን ማለት ነው። እየዞሩ የሚያንቀጫቅጩትን ለይቼ ጣልኩ።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ በወረቀት ላይ ብቻ ነው የሠራሁት። ሥራው የሚበላሸውም የሚቃናውም እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የናፍጣው ቸርኬ 11.5 ሚሊ ነው፤ በእውነተኛው መጠን አንድ ሜትር። ሁለቱ ኩሽኔታዎች ምን ያህል ይራራቁ? በጣም ከተቀራረቡ ቸርኬው ከላይ ተንሳፎ ይቀመጣል፤ ሞተሩ በድንገት ሲነሳ ዘሎ ይወርዳል። በጣም ከተራራቁ ደግሞ ቸርኬው በመሀላቸው ይሰምጣል። ክብደቱ በጎን ይጫናቸዋል፣ የቸርኬው ከንፈርም (በውስጥ በኩል ወጣ ያለው ጠርዙ) ከታች ካለው ሳህን ጋር ይፋተጋል። ከመሀል እስከ መሀል 10 ሚሊ ሲሆን ከቸርኬው መሀል ወደ እያንዳንዱ ኩሽኔታ ያለው መስመር ከቀጥታው 31 ዲግሪ ያህል ይዘምማል። ይሄ ደህና ነው። በ10 ቆረጥኩ።

ቀጥሎ ስፋቱ። በግራና በቀኝ ያሉት ኩሽኔታዎች የውስጥ ፊታቸው 16.5 ሚሊ መራራቅ አለበት፤ ልክ እንደ ሐዲዱ። የቸርኬው የሚንከባለለው ገጽ በኩሽኔታው ላይ ያርፋል፣ ከንፈሩ በውስጥ በኩል ይንጠለጠላል። ከንፈሩ ኩሽኔታው ላይ ከወጣ ሎኮሞቲቩ ያነክሳል።

ሦስተኛው ነገር ሾርት ነው። ባለ ሁለት ሐዲድ ሎኮሞቲቭ አንደኛው ጎኑ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ነው። ከግራ እስከ ቀኝ አንድ ረጅም ዘንግ አሳልፌ ኩሽኔታዎቹን ብሰካበት ሁለቱ ጎኖች ይገናኙና አለቀ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኩሽኔታ የራሱ አጭር የ3 ሚሊ ብሎን። ብሎኖቹ የሚገቡበት ግድግዳ ፕሌክሲ (መስታወት መሰሉ ፕላስቲክ) ይሆናል፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

እዚህ ጋ አንድ ጠባብ ነገር አለ። የብሎኑ ጭንቅላት በውስጥ በኩል ነው የሚቀመጠው፤ የቸርኬው ከንፈርም እዚያው ነው የሚዞረው። ሳሰላው በመሀላቸው የሚቀረው ሩብ ሚሊ ብቻ ነው። የጭንቅላቶቹን ዙሪያ በሞረድ ማሳነስ ያስፈልጋል።

ቅዳሜ

ፕሌክሲውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ከሚሠሩ ልጆች አገኘሁ። ቁርጥራጩን ይጥሉታል። በሴጌቶ ቆርጬ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። የሁለቱን ግድግዳዎች ቀዳዳ ለየብቻ አልበሳሁም፤ ደርቤ በሞርሳ አጥብቄ በአንድ ጊዜ በትራፓኖ በሳሁ። እንዲህ ካልተደረገ የግራው ከቀኙ አይገጥምም፣ አክስሉም ተጣሞ ይቀመጣል። ፕሌክሲ ሲበሳ ስለሚሞቅና ስለሚሰነጠቅ ቀስ ማለትና ውሃ ጠብ እያደረጉ መብሳት ደግ ነው።

እያንዳንዱን ባለ አራት ኩሽኔታ ክፍል ኮርቻ ብዬዋለሁ። ኮርቻዎቹ በአልሙኒየም ፕሮፋይል ቦይ ውስጥ ይንሸራተታሉ። ሎኮሞቲቭ በተቀየረ ቁጥር የአክስሉ ርቀት ስለሚለያይ ማስጠጋትና ማራቅ መቻል አለበት። ብሎኖቹ አልሙኒየሙን እንዳይነኩ በቦይው ውስጥ ካርቶን አነጠፍኩ።

እሑድ

የኤሌክትሪኩ ተራ። መብራት እንደ ልቡ ስለሚሄድ ሥራውን ሶኬት ላይ መጣል አልፈለግኩም። አሮጌ የዩፒኤስ ባትሪ አለኝ፣ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት። ሎኮሞቲቩ የሚስበው ከሩብ አምፒር በታች ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ያሠራኛል። በዚያ ላይ የባትሪ ከረንት ንጹሕ ነው፤ ሞተሩ አይጮህም።

ፍጥነቱን ለመቆጣጠር ኤል ኤም 317 የምትባለዋን ሦስት እግር ያላት ዕቃ ተጠቀምኩ። ከ1.25 ቮልት ጀምሮ በተዘዋዋሪ ሬዚስተር ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ራሷ ሁለት ቮልት ያህል ስለምትበላ ከባትሪዬ የማገኘው ቢበዛ 10 ቮልት ተኩል ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። አቅጣጫ መቀየሪያ ባለ ስድስት እግር ስዊች፣ አንድ አምፒር ፊውዝ፣ በመሀል ደግሞ ቴስተሩ አምፒር ላይ ተደርጎ። በሁለት ሐዲድ ደንብ የቀኙ ሐዲድ ፖዘቲቭ ሲሆን ሎኮሞቲቩ ወደ ፊት ይሄዳል። ሽቦዎቹን በዚያው መሠረት በቀለም ለየሁ።

ናፍጣውን ጫንኩት። ተነሳ፣ ቆመ፣ ተነሳ፣ ቆመ። መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ቸርኬዎቹን በአልኮል ጠርጌያቸዋለሁ፣ ስለዚህ ጥፋቱ ከእነሱ አይደለም። ሎኮሞቲቩን አንስቼ በቴስተር ከብሎኑ እስከ ኩሽኔታው የውጭ ቀለበት ለካሁ። ኩሽኔታው ሲቆም ዜሮ ኦም ነው። በጣቴ ሳዞረው ቁጥሩ ይዘላል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቋረጣል።

ነገሩ ግልጽ ነው። በኩሽኔታ ውስጥ ያሉት ኳሶች በግራሶ ላይ ተንሳፈው ነው የሚዞሩት። ግራሶ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ኩሽኔታ የተሠራው እንዲዞር እንጂ ሽቦ እንዲሆን አይደለም። ከረንቱ በዚያ በኩል ሲያልፍ በኳሱና በመንገዱ መሀል ብልጭታ ይነሳል፣ ቀስ በቀስም ብረቱን ይበሳሳዋል። የትልልቅ ሞተሮች ኩሽኔታም በዚሁ ምክንያት ይበላል። ግራሶውን በቤንዚን ማጠብ ለጊዜው ይረዳል፣ ደረቅ ኩሽኔታ ግን ዕድሜ የለውም፤ ድምፁም ጆሮ ይበላል።

መፍትሔው ከረንቱን በኩሽኔታው ውስጥ አለማሳለፍ ነው። ከተቃጠሉ ሪሌዎች ውስጥ ስስ የመዳብ ቅይጥ ምላሶች አወጣሁ። እንደ ስፕሪንግ ይለጠጣሉ፣ በካውያና በሊድም ይያዛሉ። አንዱን ጫፍ ከብሎኑ ጋር በየድኩ፣ ሌላውን ጫፍ የኩሽኔታውን የውጭ ቀለበት በስሱ እንዲነካ አጠፍኩት። አሁን ከረንቱ ከምላሱ ወደ ቀለበቱ፣ ከቀለበቱ ወደ ቸርኬው በቀጥታ ይሄዳል። ብልጭ ድርግም ማለቱ ቆመ።

ሰኞ ማታ

አሮጌ ሎኮሞቲቭን ከሳጥን አውጥቶ ወዲያው በሙሉ ኃይል መስደድ ጥሩ አይደለም። የቆየ ግራሶ ይደርቃል፣ ማርሾቹን እንደ ሙጫ ይይዛል። የደረቀውን በጥርስ መፈልፈያ እንጨት ለቅሜ፣ ማርሾቹ ላይ ጥቂት አዲስ ግራሶ አደረግኩ። በሞተሩ ዘንግ ሁለት ጫፎች ላይ የስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ጫፍ ጠብ አደረግኩ። ካርቦኑ የሚነካበት ቦታ ላይ ዘይት አይደረስም። ዘይቱንም በመጀመሪያ በማይታይ የፕላስቲክ ቦታ ላይ መሞከር አይከፋም፤ አንዳንዱ ፕላስቲክ ይበላል።

ከዚያ በግማሽ ፍጥነት፣ ግማሽ ሰዓት ወደ ፊት፣ ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ። ሲጀምር 210 ሚሊ አምፒር ይስብ ነበር። ሲጨርስ 150 ላይ ረጋ። ግራሶው ሲዳረስና ካርቦኑ ሲለሰልስ ሞተሩ ይቀለዋል። ቁጥሩ እየወረደ ሲሄድ ማየት ደስ ይላል። መውረዱን ትቶ ቢወጣ ኖሮ ወዲያው አጠፋው ነበር።

እትዬ አከራዬ ድምፁን ሰምተው መጡ። በሩ ላይ ቆመው ብዙ አዩት። «ልጄ፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚሄደው?» አሉ። እየሄደ ነው አልኳቸው። አላመኑኝም።

አንድ ጥቅም ሳልጽፍ አላልፍም። ሐዲድ ላይ የሎኮሞቲቭ ቸርኬ ማጽዳት አሰልቺ ነው። እዚህ ቸርኬው እየዞረ ጥጥ በአልኮል ነክሮ ማስጠጋት ብቻ ነው፤ ጥቁሩ ቆሻሻ ተጠቅልሎ ይመጣል።

ረቡዕ

ቀጭ የሚል ድምፅ አለ። ከትናንት ጀምሮ እየሰማሁት ነው።

ሐዲድ ላይ ቢሆን አልሰማውም ነበር። ሰውም የሐዲድ መጋጠሚያ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሮለር ላይ መጋጠሚያ የለም፣ ስለዚህ ቀጭ የሚለው ከራሱ ከሎኮሞቲቩ ነው። ሮለር ሐዲድ ላጣ ሰው መጽናኛ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ዛሬ ሐዲድ ቢኖረኝም ይሄን እንደማልተወው ገባኝ። ሐዲድ ላይ ሎኮሞቲቩ ካጠገብህ ይሄዳል። እዚህ ጆሮህን አስጠግተህ እስኪበቃህ ታዳምጠዋለህ።

ድምፁን ለመለየት በእያንዳንዱ ቸርኬ ላይ ነጭ ነጥብ ቀባሁ። ፍጥነቱን ዝቅ አድርጌ ቀጭ የሚለው መቼ እንደሆነ ተከታተልኩ። ቀጭታው በጣም ቶሎ ቶሎ ቢሆን ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ጠመዝማዛ ማርሽ ነው ማለት ነው፤ እሱ ለአንድ የቸርኬ ዙር ብዙ ጊዜ ይዞራል። የኔው ግን በቸርኬ ዙር አንድ ጊዜ ነው። በሦስተኛው አክስል፣ ነጩ ነጥብ ወደ ታች ሲደርስ።

ቦጊውን፣ ማለትም አክስሎቹን የያዘውን የሥር ክፍል፣ ፈታሁት። የአክስሉ ፕላስቲክ ማርሽ ተሰንጥቋል። ብረቱ ላይ ተጨንቆ የተሰካ ፕላስቲክ ከዓመታት በኋላ እንዲህ ይሆናል። ስንጥቁ ላይ ሁለት ጥርሶች ይራራቃሉ፣ እዚያ ሲደርስ ቀጭ ይላል። ሱፐር ግሉ አይሞከርም፤ ይሄ ዓይነቱ የሚያንሸራትት ፕላስቲክ ማጣበቂያ አይቀበልም።

ዓርብ

ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ሐሳቤ በማርሹ አንገት ላይ ስስ የናስ ቀለበት ማጥለቅ ነው። ቀለበቱ ከአንገቱ በጥቂቱ ከጠበበ ስንጥቁን ጨምቆ ይዘጋዋል። አንገቱ 4 ሚሊ ነው፣ ቀለበቱን 3.95 አልኳቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን አውርደው ማርሹን በመዳፋቸው ላይ አዩት። «አንተ ልጅ፣ ይሄን ለሰዓት ሠሪ ውሰደው» አሉኝ። ግን አልመለሱልኝም። ከአሮጌ የቧንቧ ራስ ላይ ናስ ቆርጠው ቶርኖው ላይ አሰሩት። ሥራው ከሻይ መጠጫ ጊዜ አልበለጠም። ገንዘብም አልቀበል አሉ፤ ዋጋው ማየት ነው አሉኝ። ማሽኑን ይዤ መምጣት ነበረብኝ።

ከሰዓት በኋላ ይዤላቸው ሄድኩ። ሲዞር አይተው «ይቺማ የቦሎ ምርመራ ናት!» አሉ። ልክ ናቸው። የመኪና ፍሬን የሚለካበትም ማሽን ጎማውን በሁለት ሮለር መሀል ነው የሚያስቀምጠው።

ትልቁን ባቡርስ እንዲህ ያደርጉታል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ያደርጉታል። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ጎስ የሚባሉ መምህር በ1891 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሙሉ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሮለር ላይ አቁመው አሠርተዋል። በእንግሊዝ ስዊንደን በ1904 ተተከለ። በዚያው ዓመት የፔንሲልቬንያ ባቡር ኩባንያ በሴንት ሉዊስ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ አቆመ፤ በኋላ ወደ አልቱና ወሰደው። ፈረንሳዮች በ1933 ቪትሪ ላይ ሠሩ፣ እንግሊዞችም በ1934 አንድ ትልቅ ሎኮሞቲቫቸውን ባሕር አሻግረው እዚያ ላኩት። በ1948 ደግሞ በራግቢ የራሳቸውን ከፈቱ።

አንድ ልዩነት አለ። ትልቁ ሎኮሞቲቭ በሁለት ሮለር መሀል አይቀመጥም። እያንዳንዱ ቸርኬ በአንድ ትልቅ ሮለር አናት ላይ ነው የሚቆመው፣ ልክ እንደ ሐዲድ። ሮለሩ ፍሬን ይያዝበታል፣ ሎኮሞቲቩ በኋላው በወፍራም ዘንግ ከመለኪያ ጋር ይታሰራል። የመጎተት ኃይሉ የሚለካው እዚያ ዘንግ ላይ ነው።

«ዘንጉ ቢበጠስስ?» አሉ ጋሼ።

መልስ አልነበረኝም፤ ሁለታችንም ግን ግድግዳውን አየን።

እሑድ

ቀለበቱ ይዟል። ቀጭታው የለም።

ዛሬ ፍጥነት ለካሁ። የኩሽኔታው ዙሪያ 25.1 ሚሊ ነው። ሞዴሉ በ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ልክ ይሄዳል ለማለት በሴኮንድ 191.6 ሚሊ መጓዝ አለበት። ያ ማለት ኩሽኔታው በሴኮንድ 7.6 ጊዜ ይዞራል። ይሄን በዓይን መቁጠር አይቻልም። አንዱን ኩሽኔታ ነጭ ነጥብ ቀብቼ በስልኬ ስሎው ሞሽን፣ በሴኮንድ 240 ፍሬም ቀረጽኩት። ነጥቡ ወደ ቦታው እስኪመለስ 31 ወይም 32 ፍሬም ከፈጀ 60 ኪሎ ሜትር ላይ ነን።

በሙሉ ቮልቴጅ 15 ፍሬም ሆነ። በስሌቱ 126 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። የአዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ መስመር የመንገደኛ ባቡር የተነደፈው ለ120 ነው፤ የኔው ቁና የማትሞላ ናፍጣ በልጣዋለች። እርግጥ ምንም አትጎትትም። ሮለር ላይ ሸክም ስለሌለ ፍጥነቱም ከፍ፣ የሚስበውም ከረንት ዝቅ ይላል። የመጎተት አቅሟን ከዚህ ማወቅ አይቻልም።

ሜርክሊኑን በአጭሩ ልለፈው። የሱ ደንብ ሌላ ነው። ሁለቱም ጎን ቸርኬዎች አንድ ፖል ናቸው፣ ሌላው ፖል በሆዱ ሥር ባለው፣ ስኪ በሚባለው ረጅም ተንሸራታች ብረት ከመሀል ይገባል። ኮርቻዎቹ መሀል የናስ ጥፍጥፍ ብዘረጋ ይሠራል። ግን አሮጌው ዓይነት በ16 ቮልት ኤሲ (ተለዋዋጭ ከረንት) ነው የሚሄደው፣ አቅጣጫ የሚቀይረውም በ24 ቮልት ምት ነው። ባትሪዬ ያንን አይሰጥም። ለጊዜው ወደ ሳጥኑ ተመልሷል።

ታኅሣሥ፣ ቅዳሜ

የእንፋሎቱ። ሞተሩ ያለው በሎኮሞቲቩ ውስጥ ሳይሆን በተንደሩ ውስጥ ነው። ተንደሩ ነው የሚገፋው፤ የፊቶቹ ትልልቅ ቸርኬዎች በሐዲዱ ስለሚጎተቱ ብቻ ይዞራሉ። ሮለር ላይ ስታስቀምጠው ተንደሩ ይሮጣል፣ የሚያምሩት ዘንጎች ያሉበት ክፍል ግን ፀጥ ብሎ ይቀመጣል። ታዲያ ምን ዋጋ አለው?

በመጀመሪያ ከረንቱ። የተንደሩ አንዳንድ ቸርኬዎች እንዳይንሸራተቱ የላስቲክ ቀለበት አላቸው፤ ላስቲክ ያለበት ቸርኬ ከረንት አይወስድም። የጎደለውን የሚወስደው ከሎኮሞቲቩ ቸርኬዎች ነው። ስለዚህ ተንደሩ ብቻ ሮለር ላይ ቢወጣ አይነሳም፤ ሎኮሞቲቩም ሽቦ ያለው ነገር መንካት አለበት።

ቀጥሎ ቦታው። ትልልቆቹ ቸርኬዎች 16 ሚሊ ናቸው፣ አክስሎቹ የሚራራቁት 18 ሚሊ ብቻ። የኔ ኮርቻ ከኩሽኔታ ጠርዝ እስከ ኩሽኔታ ጠርዝ ራሱ 18 ነው። ሁለት ኮርቻ ጎን ለጎን አይገባም።

ግን ሁሉም አክስል ኮርቻ አይፈልግም። ሦስቱ አክስሎች በጎን ዘንግ የተያያዙ ናቸው። መካከለኛውን ብቻ ኮርቻ ላይ ሰቅዬ፣ ፊቱን በእንጨት ቁራጭ ደግፌ፣ የቀሩትን ሁለት በአየር ላይ ተውኳቸው። አንዱ ከዞረ ሁሉም ይዞራሉ።

እሱን የሚያዞረው ደግሞ የቴፕ ላስቲክ ነው። ከአሮጌ ቴፕ ሪከርደር ያወጣሁትን ላስቲክ ከተንደሩ ኩሽኔታ ወደ ሎኮሞቲቩ ኩሽኔታ ዘረጋሁት። ኩሽኔታው 4 ሚሊ ይወፍራል፣ ቸርኬው የሚይዘው የውስጡን ሦስት ሚሊ አይሞላም፤ በውጩ ጠርዝ ላስቲኩ ይሄዳል። ላስቲኩ በሁለቱም ኩሽኔታ ላይ እኩል ስለሚፈስ የፊቱና የኋላው የቸርኬ ላይ ፍጥነት አንድ ነው፣ ልክ ሐዲድ ላይ እንደሚሆነው። በዝግታ ሠራ። ፍጥነት ስጨምር ላስቲኩ ያንሸራትታል፤ ኩሽኔታውን በአልኮል ስጠርገው ተሻለው።

ዘንጎቹ ተንቀሳቀሱ። ወዲያውም በየዙሩ አንድ ጊዜ እንደሚይዛቸው ታየ። የግራና የቀኝ የዘንግ ማያያዣዎች በሩብ ዙር፣ 90 ዲግሪ፣ መለያየት አለባቸው፤ ያውም በሦስቱም አክስል ላይ እኩል። ዘንጎቹን ፈትቼ እያንዳንዱን አክስል ለብቻው ሳዞረው ሦስቱም ነፃ ናቸው። ፊተኛውንና መካከለኛውን ሳያይዝ ደህና ነው፣ ኋለኛውን ስጨምር ይይዛል። ኋለኛው አክስል ላይ አንደኛው ቸርኬ በዘንጉ ላይ በጥቂቱ ዞሯል ማለት ነው።

ለማስተካከል ቸርኬውን ማውጣትና በትክክለኛው ማዕዘን መልሶ መጫን ያስፈልጋል፤ ያም ያለ ማስያዣ አይሆንም። ስዕሉን ሠርቻለሁ። ሰኞ ወደ ጋሼ ይዤው እሄዳለሁ።